የሟቹ ጽሕፈት

ሃርደን ኮረብታ፣ ቨርጂኒያ
ፌብሩዋሪ 24 ቀን 1812

ለእህቴ ልጅ ለሻድራክ፣

የእናትህ አምላክ በያለህበት አይለይህ፤ መርፌህም ሸራህን እንጂ ጣትህን አይውጋው። እኔ ደህና ነኝ። ልጄ ሄስተርና ሦስቱ ልጆቿም ደህና ናቸው፤ ትንሹ ናታን ብቻ ሳል ይዞት ከርሟል። ይህን ወረቀት የሚሰጥህ ጀልበኛው ኢላይሻ ነው። ነጻ ሰው ስለሆነ የሚፈትሸው የለም፤ ማንበብ ስለማይችል ደግሞ እኔ አልፈራውም። መልስህን ለእሱ ብቻ ስጥ እንጂ ወደ ፖስታ ቤት እንዳትጠጋ።

ጌታው ሞቱ። በዚህ ወር በአሥራ አንደኛው ቀን ማክሰኞ፣ ቁርሳቸውን ይዤ ስገባ ነፍሳቸው ወጥታ አገኘኋቸው። ቀብራቸው ላይ ከአርባ የማያንስ ሠረገላ ቆሞ ነበር። ከዋና ከተማው ድረስ የመጡ ሹማምንት፣ አብረዋቸው በምክር ቤት የተቀመጡ ሽማግሌዎች፣ በእሳቸው እግር ሥር ሕግ የተማሩ ጠበቆች ሁሉ ተሰብስበዋል። ቄሱ «አምብሮዝ ትሬድዌል የነጻነት አባት ነበሩ» ብሎ ጀመረና የድሮ ንግግራቸውን አነበበ። እኛ ከአጥሩ ወዲህ ቆመን ሰማን። እኔ ንግግሩን ቀድሜ አውቀው ስለነበር የሚቀጥለው ቃል ምን እንደሆነ በልቤ እያልኩ ቆየሁ። በወቅቱ የገለበጥኩት እኔ ነበርኩ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። ኑዛዜያቸው፣ ምስክር ሳይፈርምበት፣ ከጽሕፈት ጠረጴዛቸው መሳቢያ ተገኘ። መሬቱንና ቤቱን ለወንድማቸው ልጅ ለሚስተር ሉዊስ ሰጥተዋል። ሃያ ስድስት ባሪያዎቻቸውን ግን ስማቸውን እየጠሩ ነጻ አውጥተዋል። ሄስተር አለችበት፤ ሦስቱም ልጆቿ አሉበት። ስሟ ሲነበብ ሄስተር ወገቤን ይዛ ቆማ ነበር፤ ቀሚሴን እስክትቀደው ድረስ ጨበጠችው።

ታዲያ አንድ ነገር አለ። ነጻ የወጣ ጥቁር በአሥራ ሁለት ወር ውስጥ ከግዛታችን ካልወጣ ተመልሶ ይሸጣል። ሕጉ የዛሬ ስድስት ዓመት የወጣ ነው። ካረቀቁት ሰዎች አንዱ እሳቸው ነበሩ፤ ረቂቁን ሦስት ጊዜ በንጹሕ የገለበጥኩት ደግሞ እኔ። አንድ ጠብታ ቀለም እንኳ አላንጠባጠብኩበትም። ስለዚህ ፊላደልፊያ ላይ የሚያድሩበት ክፍል ፈልግላቸው። ጥቁር የሚያከራይ፣ ጣሪያው የማያፈስ፣ ለሕፃን ሳል የማይከፋ ይሁን።

ይህን አንብበህ ስትጨርስ ምድጃ ውስጥ ክተተው።

አክስትህ ሌቲስ

ፊላደልፊያ
ማርች 15 ቀን 1812

ለተከበሩ አክስቴ ለወይዘሮ ሌቲስ፣

«ወይዘሮ» ያልኩት እንዲለምዱት ብዬ ነው፤ እዚህ ሲመጡ ጎረቤት ሁሉ እንዲያ ነው የሚጠራዎት። ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል? የናታን ሳል ተሻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ጤና ነኝ። እናቴ በሕይወት ኖራ ይህን ዜና ሰምታ ቢሆን ብዬ አልቅሻለሁ። አለቃዬ «መርከብ ሰጠመብህ?» ሲለኝ «የለም ጌታዬ፣ አንዱ ወደብ ገባልኝ» አልኩት።

ክፍል አግኝቻለሁ። ከመርከብ ሸራ መስፊያችን ሁለት መንገድ አልፎ፣ ከአንዲት ሾርባ ሻጭ መበለት ቤት ፎቅ ላይ ነው። ከታች ቀኑን ሙሉ የበርበሬ ሾርባ ስለሚንተከተክ ወለሉ ይሞቃል፤ ለናታን ደረት ከዚህ የተሻለ የለም። አልጋዎቹን እኔው እየሠራሁ ነው። ከአሮጌ ሸራ ፍራሽ ሰፍቼ በጭድ እሞላዋለሁ። አምስት አልጋ ነው፤ ለሄስተር፣ ለሦስቱ ልጆችና ለእርስዎ። የእርስዎን በመስኮቱ በኩል አድርጌዋለሁ፣ ለንባብ ብርሃን እንዲኖርዎ። ወርዱን እንዳላጠበው ግን ይንገሩኝ፤ ካየሁዎት አሥራ ሁለት ዓመት ሆኖኛል፣ ወፍረዋል ወይስ ያው ነዎት?

እዚህ ጥቁሮችን በነጻ የሚረዳ የበጎ አድራጊዎች ማኅበር አለ። ጠበቃቸው ዘንድ ሄጄ ነገሩን አማከርኩት። ኑዛዜ ያለ ምስክር ይጸናል ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ በእናንተ ግዛት ሟቹ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በራሱ እጅ ከጻፈው ምስክር አያስፈልገውም አለኝ። ጽሕፈቱን የሚያውቁ ሁለት ሰዎች «የእሱ ነው» ብለው ከማሉ በቂ ነው። ልቤ ዐረፈ። ደብዳቤዎንም አሳየሁት። መነጽሩን ዝቅ አድርጎ ቆይቶ «ይህን የጻፈው ማን ነው?» አለኝ።

«አክስቴ።»

«አክስትህ ጠበቃ ናት እንዴ? ይህ እኮ የድሮ ጠበቃ ጽሕፈት ነው።» እየሳቀ እንደገና አየው። በኩራት ጭንቅላቴ ጣሪያ ሊነካ ነበር።

መቼ እንደምትነሱ ብቻ ይጻፉልኝ።

የእህትዎ ልጅ ሻድራክ

ሃርደን ኮረብታ
ማርች 30 ቀን 1812

ለሻድራክ፣

ሰላም ላንተ ይሁን። ሰላም ግን የምትሻ አይመስለኝም። ልጄ፣ ጭንቅላትህንም ከሸራው ጋር ሰፍተኸዋል? አቃጥለው ያልኩህን ደብዳቤ ይዘህ ጠበቃ ቤት ሄድክ? እናትህ «ይህ ልጅ ልቡ ቀና ነው፣ ምላሱ ግን በር የለውም» ትል ነበር። ዝም አይነቅዝም፣ ሻድራክ።

ለምን እንደተቆጣሁ ልንገርህ። ከዚህ በኋላ አላውቅም ነበር የምትልበት መንገድ አይኖርህም።

ወደዚያ ቤት የገባሁት ምድጃ ላነድድ ነው፤ አሥራ አምስት ዓመቴ ነበር። ከእንግሊዝ ጋር በተደረገው የነጻነት ጦርነት ጊዜ ጸሐፊዎቻቸው ሁለቱም ዘመቱና ጌታው ብቻቸውን ቀሩ። አንድ ቀን የወደቀ ወረቀት ተዘቅዝቆ ስለነበር አቅንቼ ጠረጴዛው ላይ ሳኖረው አዩኝ። ወረቀት የሚያቀና ሰው ፊደል አያጣም ብለው ማስተማር ጀመሩ። የራሳቸውን ጽሕፈት ከፊቴ አስቀምጠው እሱን እንድገለብጥ ነው ያስተማሩኝ፤ ሌላ ጽሕፈት አይቼ አላውቅም። ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ደብዳቤያቸውን፣ ንግግራቸውን፣ የፍርድ ቤት ጽሑፋቸውን ጻፍኩ። ሰው ሁሉ የእሳቸው ነው ብሎ ያነበዋል። እሳቸው ራሳቸው የቱ የማን እንደሆነ የማይለዩበት ጊዜ ነበር።

ካለፈው መከር ወዲህ እጃቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሾርባ የማጠጣቸው እኔ ነበርኩ። ከገና በኋላ በአንዱ ቀን በሩን ዝጊ አሉኝ።

«ኑዛዜ ልንጽፍ ነው፣ ሌቲስ።»

«ምስክር ማንን ልጥራ ጌታዬ?»

«ምስክር ከጠራሁ እሑድ ሳይደርስ ሉዊስ እዚህ ነው። በሕይወት እያለሁ ያስለውጠኛል፤ ራሴን አውቃለሁ፣ ደክሜያለሁ። ያንቺ ጽሕፈትና የእኔ አንድ መሆኑን ማን ያውቃል?»

«እግዚአብሔር ያውቃል፣ ጌታዬ።»

«እሱ ለምስክርነት አይቀርብም» አሉና ሳቁ። ከዚያ ወዲህ ሲስቁ አላየኋቸውም። እሳቸው እየተናገሩ እኔ ጻፍኩ። ፊርማው ላይ እጃቸውን በእጄ ይዤ አስፈረምኳቸው።

ሕግ ሲያወጡ የኖሩ ሰው በመጨረሻው ሕጉን በእኔ እጅ ጣሱት። ቃሉ ግን ቃላቸው ነው። አንዲት ነገር ከራሴ አልጨመርኩም።

ሚስተር ሉዊስ አሁን ቤቱ ውስጥ ነው። ሐኪሙን ጠርቶ «አጎቴ በመጨረሻዎቹ ወራት ማንኪያ መያዝ ይችል ነበር?» ብሎ ጠይቆታል። ሐኪሙ አይችልም ብሏል፤ እውነቱን ነው። ማንኪያ ያልያዘ እጅ እንዴት ሦስት ገጽ አሳምሮ ጻፈ ማለት ተጀምሯል። እኔንም ከመጻሕፍት ክፍሉ አውጥተው ልብስ ማጠቢያው ቤት አውርደውኛል።

ስለዚህ ያለህን ሁሉ አቃጥል። ይህንንም።

ለሄስተር ልጆች ጫማ ካገኘህ ጥሩ ነው፤ የትልቋን እግር ልክ በገመድ ለክቼ ለኢላይሻ ሰጥቼዋለሁ። አልጋው አራት ይበቃል።

አክስትህ ሌቲስ

ፊላደልፊያ
ሜይ 6 ቀን 1812

ለተከበሩ አክስቴ፣

ሰላምታዬ በትሕትና ይድረስዎ። መልሴ የዘገየው ኢላይሻ ታሞ ስለከረመ ብቻ አይደለም። ብዕር ባነሳሁ ቁጥር ፊትዎ ይመጣብኝና አስቀምጠዋለሁ። ጥፋቴን ልንገርዎ፣ ከዚያ የፈለጉትን ይበሉኝ።

ያ የማኅበሩ ጠበቃ ክፉ ሰው አይደለም። ግን አንድ ግብዣ ላይ ለወዳጆቹ «ቨርጂኒያ ውስጥ እንደ ድሮ ጠበቃ የምትጽፍ ባሪያ ሴት አለች» ብሎ ለጨዋታ አውርቷል። ወሬው ከአፍ ወደ አፍ ሄዶ የት እንደደረሰ ያወቅኩት ባለፈው ሳምንት ነው። ግራጫ ካፖርት የለበሰ ሰው ሸራ መስፊያው መጣ። ባርኔጣውን አንስቶልኝ ሲገባ ነው የፈራሁት፤ ለእኔ ባርኔጣ የሚያነሳ ነጭ አንድ ነገር ይፈልጋል።

«አክስትህ ሌቲስ ደህና ናት?»

«ካየኋት አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው፣ ጌታዬ።»

«ትጽፍልህ የለም እንዴ?»

«ኧረ ጌታዬ፣ ባሪያ ከመቼ ወዲህ ነው ደብዳቤ የሚጽፈው? ሰላምታ የሚያመጣልኝ ጀልበኛ ነው፣ በአፉ።»

«ያሳዝናል» አለ፤ «አንድ ደብዳቤ እንኳ ቢኖርህ፣ የዓመት ደመወዝህን እሰጥህ ነበር።» ከዚያ የምሰፋውን ሸራ በጣቱ እየዳሰሰ ቆየ። ደብዳቤዎችዎ ያኔ የተቀመጥኩበት ሣጥን ውስጥ ነበሩ።

አዎን፣ አላቃጠልኳቸውም። ከእናቴ የቀረኝ አንድ ማበጠሪያ ነው፤ ከእርስዎ ያለኝ ይኸው ወረቀት ነው። ይቅር ይበሉኝ፣ እጄ እሺ አላለም።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅዎ። ደብዳቤዎን ደጋግሜ አንብቤዋለሁ። «የሚያድሩበት ክፍል» ይላሉ፣ «የምናድርበት» አይሉም። ስሞቹን ሲነግሩኝ ሄስተር አለችበት፣ ልጆቿ አሉበት ብለው ዝም አሉ። አልጋው አራት ይበቃል አሉኝ። አምስተኛውን እኮ ሰፍቼ ጨርሻለሁ። የማን ነው ልበል?

የእህትዎ ልጅ ሻድራክ

ሃርደን ኮረብታ
ሜይ 22 ቀን 1812

ለሻድራክ፣

እግዚአብሔር ልብህን ያጽናልህ። የናታን ሳል ለቆታል።

ሚስተር ሉዊስ ማጠቢያው ቤት ድረስ መጣ። ሴቶቹን በእጁ ምልክት ሰጥቶ አስወጣቸውና ገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። ሱሪው ሲረጥብ ግድ አላለውም።

«ሌቲስ፣ እጅሽ እንዴት ነው?»

«ያው፣ ከሳሙና ጋር ነው ጌታዬ።»

«ፊላደልፊያ ላይ ስምሽ ገኗል አሉ።»

የያዝኩትን ሸሚዝ ጨመቅኩ።

«ጥቁር በነጭ ላይ አይመሰክርም፤ ሕጉ ነው» አለ። «ግን ምስክርነት አይደለም የምፈልገው። የጁን ስምንት ሰኞ የፍርድ ቤት ቀን ነው። ዳኞቹ ፊት ቀርበሽ አምስት መስመር እንድትጽፊ ታዘዋል። አፍሽን መክፈት አያስፈልግሽም። ጽሕፈትሽ ራሱ ይናገራል።»

«ብጽፍ ምን ይሆናል ጌታዬ?»

«ኑዛዜው ይወድቃል። በማግሥቱ የነጻነት ወረቀትሽን በእጅሽ አስይዝሻለሁ። እምልልሻለሁ።»

«ሄስተርስ?»

«ሄስተር የርስቱ ናት።» ተነሥቶ ሱሪውን አራገፈ። «አስቢው እስቲ። አጎቴ ለሃያ ስድስት ሰው አስቦ ላንቺ ምን አሰበ?»

ይኸው፣ ጥያቄህን እሱ መለሰልህ። ስሜ ኑዛዜው ውስጥ የለም።

እንዴት ሆኖ ቀረ ትል ይሆናል። ያን ዕለት ሃያ ስድስተኛውን ስም ጽፌ ብዕሩን ይዤ ጠበቅኩ። ጌታው በመስኮቱ ወደ ውጭ እያዩ ነበር። «አንቺን እዚህ ውስጥ አላስገባሽም» አሉኝ። «የኑዛዜ ጸሐፊ ከኑዛዜው አንድ ነገር ካገኘ ዳኛ ይጠረጥራል። ሰነዱን የሚያፈርሰው ይኼ ነው። ያንቺን ለብቻው እናደርገዋለን፤ በኤፕሪሉ የፍርድ ቤት ቀን እኔው ቀርቤ አጸናዋለሁ።» ልክ ነበሩ፤ እንደ ጠበቃ ልክ ነበሩ። የእኔን ወረቀት በማግሥቱ ጽፌ አዘጋጀሁት። ኤፕሪል ሳይደርስ ሞቱ።

ብዕሩ በእጅዎ ነበር፣ ሃያ ሰባተኛ ስም መጨመር ማን ከለከለዎት እንደምትል አውቃለሁ። ዓይናቸውም ደክሞ ስለነበር አያነቡትም ነበር። ልጄ፣ ሃያ ስድስቱን ስም ያሉት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ በእኔ እጅ ቢጻፍም ኑዛዜው እውነት ነው። ሃያ ሰባተኛውን ብጨምር ኖሮ ሁሉም ውሸት ይሆን ነበር። ያኔ እንዲህ አሰብኩ። አሁን አንዳንድ ቀን፣ እጄ ሳሙናው ውስጥ እንዳለ፣ ሞኝ ነበርኩ እላለሁ።

ጽሕፈትዎን ለውጠው ይጻፉ እንዳትለኝ። በከሰል፣ ድንጋይ ላይ እየጻፍኩ ሞክሬዋለሁ። አጣምሜ እጀምራለሁ፤ ሦስተኛው ቃል ላይ እጄ ወደ ለመደው ይመለሳል። አልጽፍም ብልም እምቢታዬ ራሱ መልስ ይሆንላቸዋል።

ሄስተር ስለ ስሜ አታውቅም። ከእሷ ጋር የምሄድ ነው የሚመስላት። የአልጋ ልብስ ስታጥፍ «እማዬ፣ ያንቺን ከታች ላድርገው?» ትለኛለች። እኔም አድርጊው እላታለሁ።

አሁን እንኳ አቃጥል። እለምንሃለሁ።

ሌቲስ

ፊላደልፊያ
ጁን 3 ቀን 1812

ለተከበሩ አክስቴ፣

ይህ ደብዳቤ ከፍርድ ቤቱ ቀን በፊት እንደማይደርስዎ ኢላይሻ ነግሮኛል። ነፋሱ ተቃራኒ ነው አለ። ቢሆንም ልጻፈው።

እውነቱን ልናገር። የእርስዎን እንዳነበብኩ መጀመሪያ ያሰብኩት «ይጻፉ» ልልዎ ነበር። ይጻፉና ይምጡ። ሃያ ስድስቱን ሰው አላውቃቸውም፤ ሄስተርንም ያየኋት በልጅነቷ ነው። የማውቀው እርስዎን ነው። «ይጻፉ» የሚለውን ቃል ጽፌው ነበር። ከዚያ ኢላይሻ የሰጠኝን የትልቋን ልጅ እግር መለኪያ ገመድ አየሁት፤ ከእኔ መዳፍ አይበልጥም። ወረቀቱን ቀደድኩት። ይህን የምነግርዎ ጥሩ ሰው ነው ብለው እንዳይሳሳቱብኝ ነው።

ያዘዙኝን አድርጌያለሁ። አንዱንም ሳላስቀር አቃጠልኳቸው። ከማቃጠሌ በፊት ግን ሁሉንም በራሴ ጽሕፈት ገለበጥኩ። የእኔን ጽሕፈት ያውቁታል፣ ዶሮ ጭቃ ላይ የሄደች ይመስላል፤ ማንም ከሟቹ ጋር አያመሳስለውም። ቃልዎ አለ። ሌላው አመድ ሆኗል። ከሾርባዋ መበለት ምድጃ ከተትኩት፤ «የፍቅር ደብዳቤ ነው እንዴ እንዲህ የሚያስለቅስህ?» አለችኝ፤ አዎን አልኳት።

ግራጫ ካፖርቱ ሰው ሁለተኛ መጥቶ ነበር። ሣጥኔን ራሴ ከፍቼ አሳየሁት። መርፌና ሰም ብቻ ነበር ያለው።

በእኔ ምላስ ምክንያት እዚህ ደረሱ። እንዴት እንደምክስዎ አላውቅም። ምን ላድርግ? ያዘዙኝን አደርጋለሁ።

የእህትዎ ልጅ ሻድራክ

ሃርደን ኮረብታ
ጁላይ 19 ቀን 1812

ለሻድራክ፣

ሰላም ላንተ። ደብዳቤህ የደረሰኝ ፍርድ ቤቱ ካለፈ በአራተኛው ቀን ነው። የምጽፈው በግራ እጄ ነው። ይህን አንድ ገጽ ለመጨረስ ዘጠኝ ቀን ፈጅቶብኛል፤ ስለዚህ ራሴን አታስረዝሚው እያልኩ ነው።

ከፍርድ ቤቱ በፊት ቅዳሜ ዕለት ቀኝ እጄ የፈላ ድስት ውስጥ ገባ። ሄስተር የአሳማ ሞራ ቀብታ በጨርቅ ጠቀለለችልኝ።

«እማዬ፣ ምን ልታወጪ ነው የከተትሽው?»

«ሸሚዝ» አልኳት።

ድስቱ ውስጥ ሸሚዝ እንዳልነበረ እሷም አይታለች። ከዚያ ወዲህ አልጠየቀችኝም። የአልጋ ልብሱንም ማጠፍ ተወች።

ሰኞ አቀረቡኝ። ጸሐፊው ወረቀትና ብዕር ከፊቴ አስቀመጠ። ዋናው ዳኛ ጨርቁ ይፈታ አለ። ተፈታ። አንደኛው ዳኛ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዋናው ዳኛ ብቻ እጄን ለረጅም ጊዜ አየው፤ ከዚያ ሚስተር ሉዊስን አየው፤ ከዚያ «ሸፍኑላት» አለ። ሐኪሙ ስለ ማንኪያው ተናገረ። ሁለቱ የጌታው የድሮ ወዳጆች ግን መጽሐፉን መትተው «ይህ የአምብሮዝ ትሬድዌል ጽሕፈት ነው፤ ሠላሳ ዓመት ደብዳቤ ስንላላክ እናውቀዋለን» ብለው ማሉ። በሐሰት አልማሉም። የሚያውቁት ይህንኑ ነው።

ኑዛዜው ጸና። ሃያ ስድስቱም ነጻ ናቸው።

ሄስተርና ልጆቹ በሴፕቴምበር መጀመሪያ ከኢላይሻ ጋር ይሳፈራሉ። ናታን ውኃ ይፈራል፤ ከጀልባው መሃል አስቀምጡት። ትልቋ ሩት ፊደል ለይታለች፤ የቀረውን አንተ አስተምራት። በእኔ ጽሕፈት ሳይሆን በራሷ ይሁን።

እኔ ከቀረው ንብረት ጋር የሉዊስ ነኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ቃል አልተናገረኝም። በዚህ ሳምንት ባሪያ ገዝቶ ወደ ጆርጂያ የሚነዳ ነጋዴ መጣ። ጥርሴን አየ፣ እጄን አገላብጦ አየ፣ «ይቺ ለምን ትሆናለች?» አለ። ሉዊስ «ለልጅ ጥበቃ» አለው። ማክሰኞ እንነሳለን። የምሄድበትን እርሻ ስም አላውቅም፤ ስለዚህ መልስ አትጻፍ።

ለጠበቃው ማሳየትህን ይቅር ብዬሃለሁ። አልረሳሁትም፣ ግን ይቅር ብዬሃለሁ። ልትክሰኝ ከፈለግህ ናታንን ከሳል ጠብቅልኝ።

ሠላሳ ሁለት ዓመት የሟቹን ንግግር ጻፍኩ፤ የእሱን ሕግ ጻፍኩ፤ የእሱን ኑዛዜ ጻፍኩ። ላንተ የጻፍኩልህም ሁሉ በእሱ ጽሕፈት ነበር። ያቃጠልከው የእሱን ነው፤ አትዘንበት።

ይህን ግን አታቃጥለው። እየው እስቲ፣ እንዴት እንደተንጋደደ። የማንም ጽሕፈት አይመስልም። የእኔ ነው።

ሌቲስ